ቀለሙ ሳይጠና

የደበሌን ሞት የሰማሁት ሮቤ መናኸሪያ፣ ወደ ጎባ የሚወጣ መኪና ስጠብቅ ነው። የነገረኝ ትኬት ቆራጭ ክፋት የለበትም፤ የሰማውን ነው ያወራው። «ያ የግራዝማችን አዲስ መኪና ልጦ ያበላሸው ሾፌር ዐረፈ አሉ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ነድቶ፣ ስንት ምጥ የያዛት ሴት ከደሎ መና ዳገት አውጥቶ ሆስፒታል አድርሶ፣ መጨረሻ ላይ ስሙ በአንድ መኪና ቀለም ይጠራል። ያውም በውሸት። ለልጁ ብነግረውም የሚገባው አልመሰለኝም።

እኔና ደበሌ በጃንሆይ ጊዜ ለአንድ ጌታ ሠርተናል። እሱ የግራዝማችን የቤት መኪና ይነዳል፤ እኔ ከመና ቡና፣ ከገሰራ ገብስ የምትጭነውን አሮጌ የጭነት መኪና። የግራዝማችን ስም አልጠራም፤ ልጆቻቸው ዛሬም ጎባ አሉ፤ ሰላምታችንም አልተቋረጠም። ያን ጊዜ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ሹሙም፣ ባላባቱም፣ ነገረኛውም እዚያ ነበር። ሮቤ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ገበያና የአውሮፕላን ማረፊያ ነበረች።

ደበሌ ትሑት ነበር ብዬ አልዋሽም። ባርኔጣውን ወደ አንድ ጎን ደፍቶ፣ ነጭ መሐረቡን በደረት ኪሱ አሳይቶ የሚሄድ ኩሩ ሰው ነበር። ሌላ ሾፌር ሲነዳ ካየ «በቅሎ ነው እንዴ የሚጋልበው?» ይላል። እኔንም ብዙ ጊዜ በቅሎ አስጋልቦኛል። ሰላም ሲሉት ደግሞ መዳፉን አይሰጥም፤ አንጓውን ነው የሚዘረጋው። እኛ አገር አንጓ የሚሰጥ ሰው እጁ የቆሸሸ ወይም ምግብ ላይ ያለ ነው። ደበሌ ግን እጁን በሳሙና ታጥቦ አንጓውን ይሰጣል። «የናንተ መዳፍ ጨው አለው፤ እኔ ቀለም የምነካ ሰው ነኝ» ይላል። በዚህ የተቀየመው ሰው ብዙ ነው። የግራዝማች ሚስት እንኳ «ይህ ሰው እኛን ነው መኪናውን የሚጠየፈው?» ብለው ያውቃሉ።

መንዳት የተማረው ከመንገድ ሥራ ሰዎች ጋር ነው። ስለ ቀለም ያወቀውን ያወቀው ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ተቀጥሮ፣ የሰው አዲስ መኪና በችኮላ ሰም ቀብቶ፣ ቀለሟ ተሸብሽቦ፣ በጥፊ ተባሮ ነው። ይህን አይደብቅም። እንዲያውም እንደ ሹመት ነበር የሚያወራው። «እኔ ጥፊ የከፈልኩበትን ትምህርት እናንተ በነፃ ትሰሙታላችሁ» ይለናል።

ወደ ባሌ ተመልሶ ለግራዝማች የተቀጠረው ግን ለመኪና ፍቅር ብቻ አልነበረም። አባቱ አቶ ቱሉ ገሰራ አጠገብ የግራዝማች ጭሰኛ ነበሩ። በዚያ ሰሞን ትራክተር ያላቸው ሰዎች ከየትም እየመጡ መሬት ይከራዩ ነበርና ጭሰኛው በየተራ «ልቀቅ» ይባላል። ደበሌ ይህን አይቶ ነው የመጣው። «ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ጌታ ጆሮውን የሚያውሰው ለሾፌሩ ነው» አለኝ አንድ ቀን፣ የጭነት መኪናዬ ላይ ተደግፎ። «አንድ ቀን መንገድ ላይ ደስ ብሏቸው ሲያፏጩ ጠብቄ፣ አባቴን ተዉልኝ እላቸዋለሁ።» ያን ፉጨት ሁለት ዓመት ጠበቀ።

አዲሷ መኪና የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ጥቁር ነበረች። ደበሌና ግራዝማች ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርገው ሲያመጧት የመንገዱ አቧራ ሸፍኗት፣ ግቢ ስትገባ ዱቄት የተነፋባት መስላለች። አሽከሮቹ ደስ ብሏቸው ሳሙናና የጆንያ ቁራጭ ይዘው ሮጡ። ደበሌ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ።

«ማሎ! ማሎ! እባካችሁ እጃችሁን አንሱ! የሕፃን ገላ በጆንያ ይታሻል?»

ራሱ ከላይ ቀስ አድርጎ ውኃ አፈሰሰባትና በለስላሳ ጨርቅ ሳይጫን አደረቃት። ግራዝማች በረንዳው ላይ ቆመው ያያሉ።

«ይህ ብቻ ነው?» አሉ። «ሰሙስ? የባላንጣዬ የቀኛዝማች አሮጌ መኪና እንኳ ፊት ያሳያል።»

«ጌታዬ፣ አዲስ ቀለም ከላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ከሥር ገና ነው። ይተነፍሳል። ዛሬ ሰም ብንቀባው ትንፋሹን ነው የምንደፍነው። ክረምቱ ይለፍ፤ ብርዱና ፀሐዩ ያጥናት። ከዚያ ሰሟን በስሱ እቀባለሁ።»

«ማሸቱስ?»

«ማሸት ለአሮጌ ነው። ማሸት ማለት እኮ መላጥ ማለት ነው፤ የደበዘዘውን ልጦ ከሥሩ ያለውን ማውጣት። እሷ ምኗ ደብዝዞ ትላጣለች?»

«እስከ መቼ ነው እንግዲህ የምንጠብቃት?»

«ሴት ልጅ ክርስትና እስክትነሳ ሰማንያ ቀን ትጠበቅ የለም? ለዚች ቢበልጥ እንጂ አያንስም።»

ግራዝማች ሳቁ። በዚያ ቀን መሳቃቸውን አስታውሳለሁ፤ ክፉ ሰው ሁልጊዜ ክፉ ፊት ቢኖረው ኖሮ መጠንቀቅ ቀላል ነበር።

ግንቦት ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሹም ባሌን ሊጎበኙ ነው የሚል ወሬ ወረደ። በአውሮፕላን ሮቤ ያርፋሉ፤ ከዚያ በመኪና ወደ ጎባ ይወጣሉ። በየትኛው መኪና? ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ባለ መኪና ሁሉ ማረፊያው ሜዳ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ሹሙ የሚመርጧት መኪና ባለቤት በመንገድ ሁሉ አጠገባቸው ይቀመጣል። አጠገባቸው የተቀመጠ ደግሞ የሚያወራው አያጣም። የግራዝማች ባላንጣ ቀኛዝማችም ያቺን አሮጌ ግራጫ መኪናቸውን ሲያሳሹ ሰነበቱ።

ግራዝማች ደበሌን ጠሩት። እኔ የመኪናዬን የፊት ጎማ እየፈታሁ ስለነበር ሁሉን ሰማሁ።

«አሳምራት» አሉት። «እንደ መስተዋት አድርጋት።»

«ሂንታኡ፣ ጌታዬ።» ደበሌ «አይሆንም»ን የሚላት በኦሮምኛ ነበር፤ እንደዚያ ሲላት መለሳለስ የላትም። «ገና አልጠናችም። ለአንድ ቀን ታበራለች፤ ከዚያ ትከፋብዎታለች።»

«እኔም የምፈልገው አንድ ቀን ነው።»

 ደበሌ ሁለት ዓመት የጠበቀው ፉጨት እንዳልመጣ፣ እንደማይመጣም ገብቶት ይመስለኛል፣ ያን ተናገረ። አባቱን አነሳ። ግራዝማች ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉ፤ «ሹሙ በኔ መኪና ከሄዱ፣ አባትህን ማንም አይነካውም።»

«ስትከፋስ በኔ አይፈረድም?»

«ጃንሆይ ይሙቱ!» አሉ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው። «አባትህ መሬቱ ላይ ይሞታል።»

በዚያ ዘመን በጃንሆይ ስም ተምሎ የሚፈርስ ነገር የለም ይባል ነበር። ደበሌ ግን እሺም እምቢም ሳይል ወጣ። በማግስቱ የሮቤ ገበያ ስለነበር በኔ መኪና ወርዶ አባቱን ፈለገ። አቶ ቱሉ ገብሳቸውን ሸጠው፣ ነጠላቸውን ከብርዱ ጠቅልለው፣ የጋሪ ፈረሶች የሚታሰሩበት ጥግ ተቀምጠዋል። ደበሌ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው፤ የቀለሙንም፣ የመሐላውንም። ሥራው እንዴት እንደሚያሳፍረው ጭምር።

ሽማግሌው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ኢልመ ኮ» አሉት፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «መኪናዋ የማን ናት?»

«የግራዝማች።»

«ቀለሙስ?»

«የግራዝማች።»

«ጎጆዬስ?»

ደበሌ ፊቱን ወደ ፈረሶቹ አዞረ።

«ስለዚህ የሰውየውን ቀለም ላጥና የኔን ጎጆ አቁም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት ሄጄ ነው ማረሻ የምጨብጠው?»

ጎባ ስንገባ ደበሌ ሰፈፍ ፍለጋ ጠጅ ቤት በር ላይ ወረደ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። አጋዡ እኔ ነበርኩ። ከጠጅ ቤት የተሰበሰበ የመና ማር ሰፈፍ አቅልጦ፣ አጥልሎ፣ በላምባ አለዘበው። ለማሸቱ ደግሞ ደጋግሞ የነፋውን አመድ በዘይት ለወሰ። መጀመሪያ በሩን ማሸት ጀመረ። ትንሽ እንዳሸ ጨርቁን ገልብጦ አሳየኝ። ጥላሸት ሆኗል።

«ይሄ እድፍ አይደለም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ራሷ ናት።»

ያኔ ግራዝማች ከበረንዳው ወረዱ። ጨርቁን ከእጁ ተቀብለው ገለባብጠው አዩት።

«ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ቆሻሻ ተሸክማ ነው ንጹሕ ናት የምትለኝ?»

«ጌታዬ፣ ቆሻሻ አይደለም። ቀለሟ ነው የሚወጣው። መኪናዋ ጥቁር ስለሆነች ነው።»

«እኔን ልታስተምር! እድፍና ቀለም የማልለይ መሰለህ? ቀጥል፣ ጨርቁ ነጭ እስኪሆን ድረስ እሽ!»

ጨርቁ ነጭ እስኪሆን! ከጥቁር መኪና ላይ! ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ የደበሌን ፊት ሳይ ጠፋብኝ። እንባ አይደለም፣ ንዴትም አይደለም፤ ዓይኑ በቃ ከዚያ ቦታ ሄዷል። ጎንበስ ብሎ ቀጠለ። አሽከሮቹም ጨርቅ እየያዙ ጣሪያዋን፣ የሞተሩን ክዳን ጌታቸው እያዩ አሹ። በየጨርቁ ጥቁር ሲወጣ ግራዝማች «አያችሁ? አያችሁ?» ይላሉ። በሁለተኛው ቀን ሰሙን ደበሌ ብቻውን ቀባ፤ ማንንም አላስጠጋም። እጁ ግን እጁ ነው። ሊያበላሽ የተቀመጠበትን ሥራ እንኳ አሳምሮ ነው የሠራው። ሲጨርስ የግቢው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ሳይቀር በሩ ላይ ይታይ ነበር። «ያበራ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ ትኩሳት የያዘውም ፊቱ ያበራል» አለና ባርኔጣውን ደፋ።

ሮቤ ሜዳ ላይ መኪኖቹ ተሰልፈው፣ ሹሙ ከአውሮፕላን ወርደው፣ ሰዉ እጅ እየነሳቸው አለፉ። የቀኛዝማችን መኪና አለፏት። የኛዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ በሩ ላይ ራሳቸውን አይተው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ይህቺ የማን ናት?» አሉ። በቃ። ግራዝማች አጠገባቸው ተቀምጠው ጎባ ገቡ። ደበሌ እየነዳ በኔ በኩል ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም።

ክረምቱ መጣ። ዝናቡ ሲያቆም ቀለሙ እንደ ወተት ቆዳ ተሸብሽቦ ተገኘ። መስከረም ላይ ግራዝማች ለጉዳይ በሳነቴ ተራራ አድርገው መና ደርሰው ሲመለሱ፣ ያ የተራራው ፀሐይ ጣሪያዋን አመድ አስመሰለው። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ከሥር ያለው ቀይ ቅብ ብቅ አለ። ከተማው ሳቀ። መጀመሪያ የሳቁት ቀኛዝማች ናቸው፤ «ግራዝማች አዲስ መኪና ሸጠው ቀይ ዳማ ፈረስ ገዙ» ተባለ። ይህ ቀልድ ነው ደበሌን የጨረሰው። ጌታ መኪናው ቢበላሽ ይችለዋል፤ ሲሳቅበት ግን ጥፋተኛ ይፈልጋል።

ደበሌ ሲባረር አልተከራከረም። ገሰራ ለአባቱ «ልቀቅ» የሚል ቃል ሲደርስ ነው ሽማግሌ ይዞ የሄደው። እኔም ምስክር ሆኜ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ የግራዝማችን በረንዳ ሞልተው ተቀምጠዋል፤ የግራዝማችን ጠጅ ጠጥተዋል። ደበሌ ቆሞ መሐላውን አነሳ።

«በጃንሆይ ስም ምለው፣ ስትከፋ በኔ እንደማይፈረድ ቃል ሰጥተውኛል። አሳምራት ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ግራዝማች አልዋሹም። ቢዋሹ ይሻል ነበር።

«አሳምር አልኩህ እንጂ» አሉ፣ «ላጥ አልኩህ?»

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ተነስቼ፣ ጨርቁን በእጃቸው ይዘው ቀጥል ሲሉ እንደነበር፣ ደበሌም ቀለም ነው ብሎ እንደነገራቸው ተናገርኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጁን አወናጨፈ። «እሱም ሾፌር፣ አንተም ሾፌር። የአንድ ጋጣ በሬዎች ናችሁ፤ ተቀመጥ።» ደበሌ ወደኔ ዞር ብሎ ባርኔጣውን በጥቂቱ አነሳልኝ። ለማንም እንደዚያ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። እኔም በሳምንቱ ሥራ ፈትቼ ነበር።

አቶ ቱሉ በሬዎቻቸውን ሸጠው ጎባ ደበሌ የተከራያት አንድ ክፍል ገቡ። ገበሬ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። በር ላይ ወጥተው የሰው አጥር ያያሉ። ልጃቸውን ግን አንድ ቀንም አልወቀሱትም፤ እሱን ነው ያልቻለው። አንዳንድ ማታ ብቻ «ያቺ መኪና አሁንም ታበራለች?» ብለው ይጠይቁታል፤ እየቀለዱ ይሁን እያዘኑ አይታወቅም። ደበሌ «ታበራለች፣ አባ» ይላቸዋል። መሬታቸው ላይ ሳይሆን እዚያች ክፍል ውስጥ ሞቱ። መሬት ለአራሹ የተባለ ጊዜ ከተቀበሩ ቆይተዋል። መኪናዋም ተወርሳ አንድ ግቢ ጥግ ቆማ ዶሮ ሲያድርባት በዓይኔ አይቻለሁ።

ደበሌ ከዚያ በኋላ የሰው እህል ጫኝ ሆኖ ኖረ። መኪናውን አያጥብም። «ጭቃ ልብሷ ነው፤ ምን በወጣኝ እገፍፋታለሁ» ይላል። ባርኔጣው ቀረ፤ መሐረቡም ቀረ። አንጓ መስጠቱ ብቻ አልቀረም፤ አሁን ግን እጁ ምንጊዜም በግራሶ የጨቀየ ስለነበር ማንም አይቀየመውም። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ግን ወደሱ መምጣቱን አላቆመም። ስሙን እያማ ይመጣል። «ጋሽ ደበሌ፣ መቼ ነው ሰም የሚቀባው? መቼ ነው የሚታሸው?» ሲሉት መልሱ አንድ ነበር።

«ሰሙን ባለቤቱ ማየት ሲሰለቸው። ማሸቱን ባለቤቱ ሲሞት።»

ሰው ይስቅና ይሄዳል። እኔ ቀልድ አለመሆኑን አውቃለሁ።

ጎባ ደርሼ ቀብሩ ላይ ተገኘሁ። ሳጥኑን የሠራው አናጺ «ቶሎ በል፣ አሳምረው» ተብሎ ቫርኒሹን የቀባው በዚያው ማለዳ ነው። ፀሐይ ላይ ሲወጣ አብረቀረቀ። «እንዴት ያምራል!» ሲሉ ሰማሁ። ገብቼ ስሸከም መዳፌ ተጣበቀ። አጠገቤ የተሸከመው የግራዝማች ታላቁ ልጅ ነበር። ልጁ ደግ ነው፣ መምጣቱም የሚመሰገን ነው። አውርደን ስናስቀምጠው የሁላችን ጣት ቫርኒሹ ላይ ታትሞ ቀረ።

አፈሩ ተመልሶ፣ ፍትሐቱ አልቆ ሰው መበተን ሲጀምር የግራዝማች ልጅ ነጭ መሐረቡን አውጥቶ መዳፉን ጠረገ። መሐረቡ ቡናማ ሆነ። አገላብጦ አየውና ፊቱን ኮሶ አስመሰለ።

«እንዴት ያለ እድፍ ነው ሳጥኑ ላይ የነበረው!» አለኝ። ቀጥሎ ሊያጽናናኝ እጁን ዘረጋልኝ።

እኔ የቤተ ክርስቲያኑ ቧንቧ ጋ ሄጄ፣ እጄን በላምባና በሳሙና ፈትጌ፣ አጥርቼ ታጥቤ ነበር። አንጓዬን ሰጠሁት።